በሮኬት ፋብሪካ ውስጥ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ከትምህርት ቤታችን ወጥተው በልዩ ልዩ ሥራ ላይ ከሚገኙት የቀድሞ ተማሪዎች አንዱ ስለ ሥራው እንዲጽፍላቸው ፈልገው ወደ እኔ ደብዳቤ በላኩ ጊዜ እጅግ ደስ አለኝ። ደስ ያለኝም ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፤ ያሳደገኝ ትምህርት ቤት ስላልረሳኝ ነው። ሁለተኛው ግን ፤ እውነቱን ለመናገር ፤ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለዚሁ መጽሔት ያቀረብኩት ድርሰት ሳይታተም ስለ ቀረ ቂሙ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም ነበር።

ሥራዬ በአሜሪካን አገር በአንድ የሮኬት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው የሚመስለው እኔ በትልቅ አዳራሽ ተቀምጬ ከዐሥር ወደ ዜሮ እየቈጠርኩ ቍልፍ የምጫን ነው። እናቴም ጎረቤት በጠየቃት ጊዜ ሁሉ «ልጄ ሮኬት ይሠራል» እያለች ስለምትናገር ፤ ባለፈው ጊዜ ለዕረፍት አገሬ ስገባ የሰፈራችን ልጆች ከብበውኝ ጨረቃ ላይ መቼ እንደምወጣ ጠየቁኝ። እንደማልወጣ ስነግራቸው አንድ በአንድ ተበተኑ። እናንተ ግን እንዳትበተኑብኝ እየለመንኩ ሥራዬ ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ።

ሮኬት ሲሠራ መጀመሪያ ንድፍ አውጪው መሐንዲስ አለ። እርሱ ታንኩ ስንት ሜትር እንደሚረዝም ፤ ቱቦው ምን ያህል እንደሚወፍር ፤ ብሎኑ ከምን ዓይነት ብረት እንደሚሠራ በሒሳብ አስልቶ ይወስናል። በሌላው ጫፍ ደግሞ በእጁ የሚገጣጥመው ባለሙያ አለ። እኔ የምገኘው በሁለቱ መካከል ነው። ንድፉ ምን እንደሚሠራ ይናገራል እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አይናገርም። ስለዚህ የትኛው ክፍል አስቀድሞ እንደሚገባ ፤ በምን መሣሪያ እንደሚያዝ ፤ ከቤት የሚበልጥ ታንክ ሳይጐዳ በክሬን እንዴት እንደሚነሣ ፤ ብሎኑ በስንት ኃይል እንደሚጠብቅ ፤ ሥራው ትክክል መሆኑን ማን አይቶ ማን እንደሚፈርም ፤ ይህን ሁሉ አስቤ በተራ ቍጥር እጽፋለሁ። ባለሙያው የጻፍኩትን ይዞ ይሠራል። ያልጻፍኩት አይሠራም ፤ ተሳስቼ የጻፍኩትም ተሳስቶ ይሠራል። እንግዲህ እናቴ አትስማኝ እንጂ ፤ ሮኬት ሠሪ ከምባል ጸሐፊ ብባል ይቀርበኛል።

እዚህ ላይ የአማርኛ መምህራችንን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አብረውኝ የተማሩ ሁሉ ቀይ እስክርቢቶአቸውን ያስታውሳሉ። «በገበያው ብዙ ሰዎች ነበሩ» ብዬ ብጽፍ ከ«ብዙ» በላይ «ስንት?» ብለው ይጽፉበታል። «ልጁ ቶሎ ሄደ» ብል «ቶሎ ማለት ምን ያህል?» ይላሉ። በዚያን ጊዜ ድርሰት እንደ ክስ ወረቀት የሚያነቡ ሰው ይመስሉኝ ነበር። ዛሬ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ አንድ ዓረፍተ ነገር በጻፍኩ ቍጥር ያቺ ቀይ «ስንት?» ከፊቴ ድቅን ትላለች።

ለምሳሌ «ብሎኖቹን በደንብ አጥብቅ» ብዬ ብጽፍ ምንም አልጻፍኩም ማለት ነው። ለጉልበተኛው ጐረምሳ «በደንብ» ማለት ብሎኑ እስኪበጠስ ነው ፤ ለሽማግሌው ደግሞ እጁን እስኪያመው ነው። ስለዚህ እንዲህ ይጻፋል። ብሎኖቹ ስምንት ናቸው። ጎሚስታ የጎማ ብሎን ሲያጠብቅ እንደሚያደርገው አንዱን ካጠበቀ በኋላ ትይዩውን እንጂ ጎረቤቱን አይነካም። በመጀመሪያው ዙር እስከ ግማሽ ኃይል ፤ በሁለተኛው ዙር እስከ ሙሉ ኃይል ያጠብቃል። የሚያጠብቅበትም መፍቻ ተራ መፍቻ ሳይሆን ቶርክ የሚባለው ፤ ማለት የጥብቀቱን ኃይል የሚለካው ነው ፤ የመፍቻው ቍጥርና መፍቻው ራሱ ትክክል መለካቱ የተረጋገጠበት ቀን በቅጹ ላይ ይመዘገባል። ከዚያም በብሎኖቹ ራስ ላይ ባለችው ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ተሳልፎ ይጐነጐናል። ሽቦው የሚታሰረው አንዱ ብሎን ልፍታ ቢል ሌላውን ማጥበቅ ግድ እንዲሆንበት ነው። በመጨረሻ ሠሪው ማኅተሙን ያሳርፋል ፤ መርማሪውም አይቶ የራሱን ያሳርፋል። ይህ ሁሉ ለስምንት ብሎን ነው። በአንድ ሮኬት ውስጥ ስንት ስምንት ብሎን እንዳለ እናንተው አስቡት።

ይህን ልማድ ግን መጀመሪያ ያየሁት አሜሪካን አገር አይደለም። አባቴ በደሴ መንገድ ላይ የጭነት መኪና መካኒክ ነበሩ። ሥራ ሲጀምሩ አሮጌ ጆንያ መሬት ላይ ዘርግተው ካቻቢቴውን ፤ ፒንሳውን ፤ መፍቻዎቹን በቁመታቸው ይደረድራሉ። ሥራው ሲያልቅ ኮፈኑን ከመዝጋታቸው በፊት ጆንያው ላይ ያለውን አንድ በአንድ ይቈጥራሉ ፤ የጨርቁን ብጫቂ ሳይቀር። እኔ ሌባ ፈርተው ይመስለኝ ነበር። በፋብሪካው የመጀመሪያ ሳምንቴ አንድ የመሣሪያ ሣጥን ከፍተው ሲያሳዩኝ ግን በውስጡ ለእያንዳንዱ መፍቻ በልኩ የተቈረጠ ጉድጓድ አየሁ። ጧት ተቈጥሮ ይወጣል ፤ ማታ ተቈጥሮ ይገባል ፤ አንድ ጉድጓድ ባዶ ከሆነ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ምክንያቱም የሮኬት ፓምፕ እንደ መኪና ፓምፕ አይደለም። የአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር ሻትል ዋና ሞተር የሃይድሮጂን ፓምፕ በደቂቃ 35,000 ጊዜ ያህል ይዞር ነበር። በዚያ ውስጥ አንዲት የብሎን ቍራጭ ብትገባ ምን እንደምታደርግ መናገር አያስፈልግም።

አባቴን ያስገረማቸው ግን ስለ ንጽሕናው የነገርኳቸው ነው። ፈሳሽ ኦክሲጅን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ የቀዘቀዘ ነው ፤ ቅባት ካገኘ ግን ለእሳት ቅርብ ነው። የጣት ወዝ እንኳ ይፈራል። ስለዚህ ኦክሲጅን የሚያልፍበትን ቱቦ በባዶ እጅ አንነካም ፤ ከታጠበም በኋላ በጨለማ ቤት ሐምራዊ መብራት አብርተን ቅባት ቢቀር ሲያበራ እንፈልገዋለን። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን በግራሶ የጠቈሩ እጆቻቸውን እያዩ «ታዲያ እኔን በሩ ላይም አያስቆሙኝም» አሉ።

ስለምንሠራው ሮኬት ዝርዝር ነገር ልጽፍላችሁ አልችልም። በዚህ አገር የሮኬት ዕውቀት እንደ ጦር መሣሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው ፤ የውጭ አገር ሰውም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ካላገኘ ወይም ልዩ ፈቃድ ካልወጣለት ወደ ሥራው አይገባም። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ፈቃዱን እስካገኝ ድረስ የቆየሁት በእርሻ መኪና ፋብሪካ ነው። ነገር ግን በዓለም ሁሉ የታወቁ ታሪኮችን ብናገር የሚከለክለኝ የለም። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ከሁሉ የምወደው በኖቬምበር 21 ቀን 1960 በፍሎሪዳ ኬፕ ካናቬራል የሆነውን ነው። ሜርኩሪ ሬድስቶን የተባለው ሮኬት ሰው ሳይጫንበት ለሙከራ ሲተኰስ ሞተሩ ነደደ ፤ ሮኬቱም ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አለና ሞተሩ ጠፍቶ ተመልሶ በመቀመጫው ላይ ተቀመጠ። ጫፉ ላይ ያለችው የማምለጫ ሮኬት ብቻ ተስፈንጥራ ሄደች ፤ ጥቂት ቆይቶም ጃንጥላዎቹ ከላይ ተዘርግፈው በሮኬቱ ጎን ተንጠለጠሉ። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል ፤ ነገር ግን ሮኬቱ ነዳጅ እንደ ሞላና ባትሪው እንደ በራ ነው ፤ ነፋስ ጃንጥላውን ቢሞላው ይጥለዋል ፤ ሊጠጋውም የሚደፍር አልነበረም። ባትሪው በራሱ እስኪደክም ድረስ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ተትቶ አደረ። ምክንያቱ ሲመረመር ከሮኬቱ ጭራ በተራ መነቀል የሚገባቸው ሁለት የኤሌክትሪክ መሰኪያዎች ተራቸውን ለውጠው መነቀላቸው ተገኘ። የቀዳሚውና የተከታዩ ልዩነት የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ እንኳ አይሞላም።

የአፖሎ 13 ነገር ደግሞ የከፋ ነው። በኤፕሪል 1970 ሦስት ሰዎች ወደ ጨረቃ ሲጓዙ ከመሬት ከ300,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ሳለ የኦክሲጅን ታንካቸው ፈነዳ። ሰዎቹ በብዙ ጭንቅ ተርፈው መመለሳቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የታንኩ የልጅነት ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት በኦክቶበር 1968 ታንኩ ያለበት መደርደሪያ በካሊፎርኒያው ፋብሪካ ከሌላ መንኮራኩር ላይ ሲነሣ አንድ ብሎን ሳይፈታ ተረስቶ ነበር። ማንሻው ሲስብ ተሰበረና መደርደሪያው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደቀ። አዩት ፤ ፈተሹት ፤ ደህና ነው ተባለ። በዚያ አወዳደቅ ምናልባት በውስጡ ያለች ቱቦ ሳትላላ አልቀረችም። በማርች 1970 ለሙከራ ሞልተውት መልሰው ሊያራግፉት ሲሉ ኦክሲጅኑ አልወጣ ስላለ ማሞቂያውን ስምንት ሰዓት ያህል አብርተው አተነኑት። የማሞቂያው ማጥፊያ ለ28 ቮልት የተሠራ ሲሆን የመሬቱ ኤሌክትሪክ 65 ቮልት ነበረ ፤ ማጥፊያው ተጣብቆ ቀረ። የሙቀቱም መለኪያ ከ27 ዲግሪ በላይ እንዳያሳይ ሆኖ የተሠራ ስለ ነበረ ፤ ውስጡ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲደርስና የሽቦው ልባስ ሲቃጠል የሚያየው ሰው «27» ብቻ ያነብ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት ራስ ላይ አንድ ያልተፈታ ብሎን ቆሟል።

ከዚህ ወዲህም ቢሆን በጁላይ 2 ቀን 2013 ከባይኮኑር የተነሣው የሩሲያ ፕሮቶን ሮኬት መዞሩን የሚለኩለት መሣሪያዎች ተገልብጠው ስለ ተገጠሙ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሳተላይቶችን ይዞ ተከስክሷል። በኖቬምበር 2020 ደግሞ ቬጋ የተባለው የአውሮፓ ሮኬት ሁለት ገመዶች ተለዋውጠው ስለ ተሰኩ የስፔይንንና የፈረንሳይን ሳተላይቶች አጥፍቷል። ጋዜጦች በገጣጣሚዎቹ ላይ ብዙ ቀልደዋል። እኔ ግን አልሣቅሁም። መሣሪያዎቹ ላይ የቀስት ምልክት ነበረ ይላሉ ፤ ይሁን። የእኔ ጥያቄ ግን የሥራውን ወረቀት የጻፈው ማን ነው? ሥዕሉስ በየትኛው ወገን ታይቶ የተሣለ ነው? በዲሴምበር 20 ቀን 2019 የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን በቻይና ሮኬት ስትነሣ እዚህ ያለነው ኢትዮጵያውያን ተሰብስበን በቴሌቪዥን ስናይ ሌሎቹ እልል ሲሉ እኔ በልቤ መሰኪያ እቈጥር ነበር።

በሥራችን አዲስ ሰው ሲገባ የሚነገረው አንድ ታሪክ አለ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የሬድስቶን ሮኬት ተበላሽቶ ምክንያቱ ሲፈለግ አንድ መሐንዲስ ራሱ ወደ ፎን ብራውን ሄዶ «ስፈትሸው ሳለ ሳላስበው ያበላሸሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም» ቢላቸው እርሳቸው እንደ መቆጣት አንድ ጠርሙስ ሻምፓኝ ላኩለት ይባላል። መልካም ታሪክ ነው። ነገር ግን እኔ ስሰማው ሁልጊዜ ሌላ ነገር ይታወሰኛል። እኒሁ ፎን ብራውን ቀድሞ በጀርመን የነደፉት ቪ-2 ሮኬት ከ1943 ጀምሮ በኖርድሃውዘን አጠገብ በተራራ ሥር በተቈፈረ ዋሻ ውስጥ ይገጣጠም የነበረው በእስረኞች ነው። በዚያ ዶራ በሚባለው እስር ቤት 60,000 ያህል ሰዎች አልፈዋል ፤ 20,000 ያህሉ ሞተዋል። ሆን ብሎ አበላሽቷል ተብሎ የተጠረጠረ እዚያው ዋሻ ውስጥ በሥራው ክሬን ላይ ይሰቀል ነበር። በዚያ ቦታ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» የሚል ሰው ሊኖር እንደማይችል ግልጽ ነው። ሻምፓኙን ሲያወሩ ዋሻውን የሚተዉት ሰዎች ታሪኩን በግማሽ የሚያወሩ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ።

በቱቦዎቻችን አፍ ላይ አቧራ እንዳይገባ ቀይ የላስቲክ ውታፍ ይገባል። ቱቦው ከመያያዙ በፊት ውታፉ ይነቀላል ፤ በከረጢት ይጠራቀማል ፤ ይቈጠራል። (በእኛ አገር «ውታፍ ነቃይ» ስድብ ነው ፤ እዚህ ግን ደመወዝ ይከፈልበታል።) ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ የሮኬት ክፍል የቱቦ ሥራ ወረቀት ጻፍኩ። ክፍሉ ተገጣጠመ ፤ ተፈረመ ፤ ወደ መፈተኛው መድረክ ሄደ። መፈተኛ ማለት ሮኬቱ እንዳይበር በብረት ታስሮ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ የሚነድበት ቦታ ነው። ፈተናው ዐርብ ሊሆን ረቡዕ ማታ ቤቴ ተቀምጬ ያንኑ ወረቀት ለሚቀጥለው ሮኬት ስገለብጥ ሥዕሉ ላይ ያሉትን የቱቦ አፎች ያለ ምክንያት ቈጠርኳቸው። ዐሥራ አራት ናቸው። በወረቀቴ ላይ «ውታፉን ንቀል» ያልኩባቸው ግን ዐሥራ ሦስት ናቸው። ዐሥራ አራተኛው ከአንድ የብረት ድጋፍ ኋላ ስለ ነበረ በሥዕሉ ላይ ግማሹ ብቻ ይታያል ፤ እኔም ዘልዬው ኖሯል። ከረጢቱ ላይ የተመዘገበውም «13» ነው ፤ ከወረቀቱ ጋር ስለ ተስማማ ማንም አልጠረጠረም።

በዚያች ሰዓት ሻምፓኝ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ገና በቅርብ የወጣልኝ የመኖሪያ ፈቃድ ፤ በየወሩ ወደ ቤት የምልከው ገንዘብና የታናሽ እኅቴ የትምህርት ክፍያ ነው። ደግሞም ራሴን አጽናናሁ። ውታፉ ቀይ ነው ፤ ባለሙያው ዓይን አለው ፤ አይቶ ሳይነቅለው አይቀርም። ከዐሥር ዘጠኝ እጅ ነቅሎታል። ነገር ግን ባይነቅለውስ? ቱቦው ውታፉ ውስጡ እንዳለ ሊያያዝ ይችላል ፤ ግፊት ሲመጣ ውታፉ ተነሥቶ ወደ ሌላ ባልቦላ ይሄዳል። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። አገር ቤት ነግቶ ስለ ነበረ አባቴ ዘንድ ደወልኩ። ነገሩን በመኪና መስዬ አስረዳኋቸው።

«ኮፈኑን ዘግተሃል?» አሉኝ።

«አዎ አባባ ፤ ተዘግቷል።»

«ሳትዘጋ ቈጥረሃል?»

«አልቈጠርኩም።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? በል ደህና ሁን ፤ ሰው ይጠብቀኛል» ብለው ዘጉት።

አለቃዬን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ ፤ ከዚያ «ጧት ሁለት ሰዓት መድረኩ ላይ ና» አለኝ።

ፈተናው ተሰረዘ። መሸፈኛው ተነሣ ፤ ቱቦው ተፈታ ፤ መርማሪው በመብራት ወደ ውስጥ አየ። ውታፍ የለም። ደስ ያለኝ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው ፤ ምክንያቱም ወዲያው መርማሪው «ታዲያ የት ሄደ?» አለ። እውነቱን ነው። ዐሥራ አራት ገብተው ዐሥራ ሦስት ከተመዘገቡ አንዱ ወይ መሬት ላይ ወድቋል ፤ ወይ ሮኬቱ ውስጥ ነው። ያ ቱቦ ያያዘው ሽማግሌ ባለሙያ ደግሞ ዕረፍት ወጥቶ ስልክ ወደማይሠራበት ወንዝ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል። ሁለት ቀን ሙሉ ቀጭን ካሜራ በየቱቦው እየሰደድን ፈለግን። ሃያ ሰዎች ሥራቸውን ትተው በእኔ ውታፍ ምክንያት ሲንበረከኩ እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ቅዳሜ ማታ ሽማግሌው ተመለሰ። ነገሩን ሲሰማ ምንም ሳይናገር ወደ ሣጥኑ ሄዶ አሮጌ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። በአንዱ ገጽ ላይ ቀዩ ውታፍ በፕላስተር ተለጥፎ ከሥሩ ቀኑና የሥራው ተራ ቍጥር ተጽፏል። ነቅሎት ነበር። ወረቀቱ ዐሥራ ሦስት ስለሚል ከረጢቱ ውስጥ ቢከተው ቍጥሩ አይገጥምም ፤ ሥራው ይቆማል ፤ እኔም እጠየቃለሁ። ስለዚህ ለእኔ አዝኖ ደብቆታል። እንዲህም አለኝ ፦ «የአንተን ወረቀት ሳቃና ሁለት ዓመቴ ነው።»

ይህ ቃል ፈተናው ከመቅረቱ ይልቅ አመመኝ። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ስሕተት የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ደብተሩን ሲሰጠኝ ግን አርባ ያህል ቦታ ላይ የእኔ ተራ ቍጥሮች እየተጻፉ ከጎናቸው «መጀመሪያ ይህን ካላጠበቅህ እጅህ አይደርስም» ፤ «ሥዕሉ የተገለበጠ ነው» ፤ «ይህ መፍቻ እዚህ አይገባም» የሚል አየሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ በልቤ ያልተፈታ ነገር ነው። እኔ በራሴ ተናግሬአለሁና ተመሰገንኩ። እርሱ ግን በወረቀቱ ላይ የሌለውን ሠርቷል ፤ ያገኘውንም አላስመዘገበም ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ሕጉ እንዲህ ነው ፤ ሕጉም ያለ ምክንያት አልወጣም። ባለሙያ ሁሉ በልቡ ያረመውን በልቡ ከያዘ በሮኬቱ ውስጥ ያለው በወረቀት ካለው ይለያል። ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን በፋብሪካው ውስጥ ከሁሉ የተሻለው እጅ ተቀጥቶ እኔ መመስገኔን ሳስብ አሁንም ፊቴ ይቀላል። ለአለቃዬም ይህንኑ ነግሬዋለሁ ፤ አልተለወጠም። ሽማግሌው ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። ማስጠንቀቂያውን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተና ስለ ዓሣው ያወራን ጀመር።

ፈተናው በሚቀጥለው ማክሰኞ ሆነ። የምንቆመው ከመድረኩ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ነው። መጀመሪያ እሳቱ ያለ ድምፅ ይታያል ፤ ነጭ እንፋሎትም ከማቀዝቀዣው ውኃ እንደ ደመና ይነሣል። ድምፁ ኋላ ነው የሚመጣው ፤ ሲመጣም በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት አሜሪካኖች በሚሲሲፒ ለጨረቃ ሮኬታቸው መፈተኛ ሲሠሩ በዙሪያው ያሉትን መንደሮች በሙሉ ያስነሡት ስለዚህ ነው ፤ ያን ጊዜ ቤታቸውን ትተው የሄዱትን ሰዎች ይህን ድምፅ ስሰማ አስባቸዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ያህል ነደደና ጠፋ። ማንም አላጨበጨበም ፤ ሁሉም ወደ ቍጥሮቹ ዞረ። ሽማግሌው ጆሮውን የደፈነበትን ጥጥ አውጥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተና «አሁን ምሳ» አለ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሥራ ካለቀ በኋላ ከእርሱ ጋር እየተቀመጥኩ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ወደ ወረቀቶቼ ገለበጥኩ። እርሱ ይናገራል ፤ እኔ እጽፋለሁ ፤ «በደንብ» ባለ ቍጥር አስቆመውና «ስንት?» እለዋለሁ። መጀመሪያ ይቆጣ ነበር ፤ በኋላ ግን ራሱ ቍጥሩን አስቀድሞ ይዞ ይመጣ ጀመር። አንዳንዱን ለማመን ስላቃተኝ እኔው ጓንት አድርጌ ከሮኬቱ ሥር ገብቼ ሞከርኩት። እጄ በእውነት አልደረሰም።

የዚያ የቱቦ ሥራ ሀያ ሰባተኛ ተራ ዛሬ የሚነበበው እርሱ ባለው ቃል ነው። «ከብረቱ ድጋፍ ኋላ እጅህን በግራ በኩል አስገባ። አይታይህም ፤ ይዳሰሳል። ቀዩን ውታፍ ንቀል። ከረጢቱ ውስጥ ክተት። በከረጢቱ ያሉትን ቍጠር።» ከሥሩም ባለሙያው ቍጥሩን በእጁ የሚጽፍባት አንዲት ባዶ ሣጥን አለች።